የልብ መድኃኒት በቆዳ በኩል፦ ክኒን፣ ፓች ወይስ ከረንት?

መነገር ያለበት ይቅደም። በቀላል የኤሌክትሪክ ከረንት መድኃኒትን በቆዳ የማስገባት ዘዴ አዮንቶፎሬሲስ ይባላል፤ በዚህ ዘዴ የሚሰጥ፣ ለልብ ሕመም ተብሎ በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የጸደቀ ምርት የለም። ፋርማሲ ገብቶ የልብና የደም ግፊት መድኃኒት የሆነውን ሜቶፕሮሎልን «በከረንት አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው። በአንጻሩ ያለ ባትሪ፣ እንዲሁ ተለጥፈው የሚሠሩ የልብና የደም ግፊት ፓቾች እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በሥራ ላይ ናቸው።

ይህን ንጽጽር የሚፈልጉት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። አንዱ ክኒን የሰለቸው ታማሚ፣ ወይም የእናቱን መድኃኒት የሚከታተል ልጅ ነው፤ የሆነ ቪዲዮ አይቶ «ሳይዋጥ በቆዳ የሚገባ መጥቷል አሉ» ይላል። ሌላው የፋርማሲ ወይም የባዮሜዲካል ተማሪ ነው፤ ለመመረቂያ ሥራው የትኛውን መድኃኒት በከረንት እንደሚሞክር ያወጣል ያወርዳል። የሁለቱም ስሕተት አንድ ነው፦ መሣሪያውን መርጠው ከጨረሱ በኋላ ነው መድኃኒቱን የሚያዩት። ነገሩ መገልበጥ አለበት፤ አብዛኛውን ምርጫ የሚወስነው መድኃኒቱ ራሱ ነውና።

ቆዳው ማንን ያሳልፋል?

ስትራተም ኮርኒየም የሚባለው የቆዳ የላይኛው ሽፋን ውፍረቱ በአብዛኛው የሰውነት ክፍል ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ብቻ ነው፤ ከደብተር ወረቀት ይሳሳል። ነገር ግን የሞቱ ሴሎች እንደ ጡብ ተደርድረው በመካከላቸው ስብ የተለሰነበት ግንብ ነው። ትንሽ፣ ስብ ውስጥ የሚሟሟና ቻርጅ የሌለው ሞለኪውል ቀስ እያለ በስቡ መሐል ይሾልካል። ውኃ ወዳድ የሆነና ቻርጅ የተሸከመው ደጅ ይቀራል።

ከረንት የሚጠራው ለዚህ ደጅ ለቀረው ነው። የመሣሪያው ክፍሎች ጥቂት ናቸው፦ ባትሪ፣ ከረንቱን ሳይዋዥቅ የሚይዝ ሰርኪዩት፣ ሁለት ኤሌክትሮዶች፣ በየኤሌክትሮዱ ሥር ደግሞ ጄል ወይም የረጠበ ስፖንጅ የያዘ ቋት። ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው መድኃኒት በአኖዱ ቋት ይገባል፤ አኖዱ ራሱ ፖዘቲቭ ስለሆነ ይገፋዋል። ኔጌቲቭ የሆነው በካቶዱ በኩል ይገባል። ሁለተኛው ቋት ጨው ብቻ ይዞ ሰርኪዩቱን ይዘጋል። ከዚህ ሌላ አንድ ረዳት ጉልበት አለ፦ ቆዳ በሰውነት ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ላይ ኔጌቲቭ ስለሆነ ከአኖድ ወደ ካቶድ ትንሽ የውኃ ፍሰት ይነሣል። ፖዘቲቭ መድኃኒቶች ይህ ፍሰት ተጨማሪ ግፊት ይሆንላቸዋል፤ ኔጌቲቮቹ ግን ወንዝ ተቃራኒ እንደሚዋኝ ሰው ናቸው።

ዘዴው አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ስቴፋን ለዱክ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ሁለት ጥንቸሎችን በአንድ ሰርኪዩት ላይ አገናኝቶ ነበር። በአንዷ አኖድ ሥር ስትሪክኒን፣ በሌላዋ ካቶድ ሥር ሳያናይድ አደረገ፤ ሁለቱም ሞቱ። ዋልታዎቹን ሲገለብጣቸው ግን ጥንቸሎቹ ምንም አልሆኑም። ከዚያ ወዲህ ከረንት መድኃኒትን እስከ ደም ያደርሳል ወይ የሚለው አያከራክርም። የሚያከራክረው መጠኑ ነው።

ሒሳቡ

1 ሚሊአምፔር ከረንት ለ1 ሰዓት ሲፈስ 3.6 ኩሎምብ ቻርጅ ያልፋል። በፋራዴይ ቁጥር፣ ማለትም አንድ ሞል ቻርጅ በሚይዘው 96,485 ኩሎምብ፣ ሲካፈል 37 ማይክሮሞል ገደማ ይሰጣል። የሜቶፕሮሎል የሞለኪውል ክብደት 267 ነው፤ ሲባዛ 10 ሚ.ግ. ያህል ይሆናል። ይህ ጣሪያው ነው፤ ከረንቱን በሙሉ ሜቶፕሮሎል ብቻውን ቢሸከመው።

ብቻውን አይሸከምም። ከሰውነት በኩል ክሎራይድ ወደ አኖዱ እየወጣ ከረንቱን ይጋራል። ቋቱ ውስጥ ለፒኤች ማስተካከያ ተብሎ ሶዲየም ከተጨመረ እሱም ይሽቀዳደማል፤ ትንሽና ፈጣን ስለሆነም ያሸንፋል። የመድኃኒቱ ድርሻ ብዙ ጊዜ ከ10% በታች ነው። 5% ብለን ብንይዝ በ1 ሚሊአምፔር በሰዓት 0.5 ሚ.ግ.፣ በ24 ሰዓት 12 ሚ.ግ. ይገባል።

አሁን ከክኒኑ ጋር እናስተያየው። በቀን 100 ሚ.ግ. ሜቶፕሮሎል ከሚውጥ ሰው ግማሽ ያህሉ ጉበት ላይ ይቀርና 50 ሚ.ግ. ገደማ ደም ይደርሳል። 12 ሚ.ግ. ሩቡንም አይሞላ። ከረንቱን አራት እጥፍ እናድርገው ቢባል፣ ለቆዳ የሚፈቀደው ጣሪያ በስኩዌር ሳንቲሜትር 0.5 ሚሊአምፔር ነው፤ ያም ለአጭር ጊዜ እንጂ ቀን ከሌሊት አይደለም። በስኩዌር ሳንቲሜትር 0.1 ሚሊአምፔር ይዘን 4 ሚሊአምፔር ብንፈልግ 40 ስኩዌር ሳንቲሜትር ፓች ያስፈልገናል፤ ካቶዱ ሳይጨመር።

የፊዚዮቴራፒ ክፍል ያለውን የአዮንቶፎሬሲስ ማሽን ለዚህ እንጠቀም የሚሉም አሉ። የእዚያ ማሽን የተለመደ ዶዝ ከ40 እስከ 80 ሚሊአምፔር-ደቂቃ ነው፤ ለምሳሌ 4 ሚሊአምፔር ለ20 ደቂቃ። በላይኛው ስሌት 80 ሚሊአምፔር-ደቂቃ ሜቶፕሮሎልን 0.7 ሚ.ግ. ቢያስገባ ነው። ለጉልበት ወይም ለትከሻ እብጠት መድኃኒቱ እዚያው ቦታው ላይ ስለሚፈለግ ይበቃል፤ መላ ሰውነት ለሚዞር ደም ግን ጠብታ ነው።

ባትሪ አያሳስብም፤ 1 ሚሊአምፔር ለ24 ሰዓት የሚበላው 24 ሚሊአምፔር-ሰዓት ብቻ ነው፣ ተራ የሰዓት ባትሪ ይችለዋል። የሚያስቸግረው ቮልቴጁ ነው። 10 ስኩዌር ሳንቲሜትር ቆዳ 10 ኪሎኦም ቢቋቋም 1 ሚሊአምፔር ለመግፋት 10 ቮልት ያስፈልጋል፤ ደረቅ ቆዳ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ከዚህ በብዙ ይብሳል። ስለዚህ የባትሪውን 3 ቮልት ከፍ የሚያደርግ ሰርኪዩት የግድ ነው።

መድኃኒቶቹ በየተራ

ናይትሮግሊሰሪን። ለደረት ውጋት የሚሰጠው ይህ መድኃኒት ሲዋጥ ጉበት ከሞላ ጎደል ያጠፋዋል፤ ስለዚህ ከአፍ ሌላ መንገድ ይሻል። ግን ትንሽ፣ ስብ ወዳድና ቻርጅ የሌለው ነው፤ የሚፈለገውም ብዙውን ጊዜ በሰዓት ከ0.2 እስከ 0.4 ሚ.ግ. ብቻ። በራሱ ያልፋል። እዚህ ከረንት መጨመር ክፍት በር መግፋት ነው።

ፓቹና ቅባቱ ሲነጻጸሩ ፓቹ ይሻላል። 2% ቅባቱ ከቱቦው ተጨምቆ በተሰመረ ወረቀት ላይ ይለካል፤ 2.5 ሳንቲሜትሩ 15 ሚ.ግ. ገደማ ይይዛል። ቀባዩ ጓንት ካላደረገ ራስ ምታቱ ለእሱም ይደርሰዋል። ቅባት ጥቅሙ ግፊት በድንገት ከወረደ ወዲያው ተጠርጎ መቅረቱ ነው፤ ስለዚህ ለሆስፒታል አልጋ እንጂ ለቤት አይመችም።

ክሎኒዲን። ለደም ግፊት ነው። የሚፈለገው በቀን ከ0.1 እስከ 0.3 ሚ.ግ. ስለሆነ አንድ ፓች 7 ቀን ይቆያል። የፓቹ ስፋት ዶዙን ይወስናል፤ 0.1 የሚሰጠው 3.5 ስኩዌር ሳንቲሜትር፣ 0.3 የሚሰጠው 10.5 ነው። ሁለት ነገር ይታወቅ፦ ሙሉ ኃይሉ ከ2 እስከ 3 ቀን ስለሚፈጅ ክኒኑ በመጀመሪያው ቀን በአንዴ አይቋረጥም፤ ከጊዜ በኋላ ደግሞ የፓቹ ቦታ ማሳከክና መቅላት ብዙዎችን ፓቹን እንዲተዉት ያደርጋቸዋል። ክሎኒዲን ታዞለት ክኒኑን ለሚረሳ ሰው ፓቹ ከክኒኑ ይሻላል፤ ክኒን ረስቶ ግፊቱ ተመልሶ እንዳይወነጨፍ ይጠብቀዋልና።

ቢሶፕሮሎል። ንጽጽሩን የሚፈታው ምሳሌ ይህ ይመስለናል። ቤታ ብሎከሮች (ቢሶፕሮሎልና ሜቶፕሮሎልን የመሰሉ፣ የልብ ምትን የሚያዘገዩ መድኃኒቶች) በተለመደው የጨው መልካቸው ፖዘቲቭ ናቸው፣ ስለዚህ ለአዮንቶፎሬሲስ የተፈጠሩ ተብለው ለዓመታት በላቦራቶሪ ተሞክረዋል። ጃፓን ውስጥ ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ገበያ የወጣው የቢሶፕሮሎል ፓች ባትሪ የለውም። መፍትሔው ከረንት ሳይሆን ጨውን መተው ሆነ፦ ክኒኑ ውስጥ ያለው የፉማሬት ጨው ቀርቶ፣ ቻርጅ የሌለው መሠረታዊው ቢሶፕሮሎል ማጣበቂያው ውስጥ ገባ፤ ደረት፣ ጀርባ ወይም ክንድ ላይ ይለጠፋል፣ በየ24 ሰዓቱ ይቀየራል። መድኃኒቱም በትንሽ ሚሊግራም የሚሠራ ስለሆነ ሒሳቡ ሞላ። ከረንትን የሚያስብ ሁሉ መጀመሪያ ይህን ጥያቄ ይመልስ፦ ቻርጁን ብነጥቀው በራሱ አያልፍም ወይ?

ፕሮፕራኖሎል። ይህም ቤታ ብሎከር ነው፤ በወረቀት ላይ ሲታይ የሚያጓጓ ነው። ከተዋጠው ሩብ ያህሉ ብቻ ደም ይደርሳል፣ ቶሎም ከደም ይወጣል። ችግሩ ስብ ወዳድነቱ ነው፤ ቆዳው ውስጥ ገብቶ ኔጌቲቭ ቦታዎችን ይይዛል፣ ያን ረዳት የውኃ ፍሰትም ያዳክመዋል። ከረንቱ ከጠፋ በኋላም ከቆዳው ውስጥ ወደ ደም መንጠባጠቡን ይቀጥላል፣ ስለዚህ «ሲያስፈልግ አጥፋው» የሚለው የከረንት ትልቅ ጥቅም ይሸራረፋል። ቆዳንም ያስቆጣል።

ሌላው ቤታ ብሎከር አቴኖሎል ውኃ ወዳድ ስለሆነ ፍሰቱን አያውክም፤ ግን ክኒኑ ርካሽ ነው፣ በቀን አንዴ ይበቃል፣ ለማን ብሎ ነው ባትሪ የሚያስረው? ቲሞሎል የተለየ ነው። ለደም ግፊት በቀን 20 ሚ.ግ. ሲዋጥ ደም የሚደርሰው ግማሽ ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ነው፤ የሞለኪውል ክብደቱ 316 ስለሆነ 1 ሚሊአምፔር በ5% ድርሻ በ24 ሰዓት 14 ሚ.ግ. ገደማ ያስገባል። ከቤታ ብሎከሮች ቁጥሩ የሚገጥመው ለእሱ ነው፤ ተማሪ ከሆኑ ከሜቶፕሮሎል ይልቅ ቲሞሎልን ያስቡ።

የደም ግፊት መድኃኒቱ ካፕቶፕሪል ኔጌቲቭ ስለሆነ በካቶድ ይገባል፣ የውኃው ፍሰትም ይቃወመዋል። በዚያ ላይ ውኃ ውስጥ ሲቆይ በኦክስጅን ተበላሽቶ ሁለት ሁለት ሆኖ ይጣበቃል፤ ቋቱን ከቀናት በፊት አዘጋጅቶ ማስቀመጥ አይቻልም።

ሌላው የደም ግፊት መድኃኒት አምሎዲፒን ምንም ዓይነት የቆዳ መንገድ አያስፈልገውም። ከተዋጠው አብዛኛው ደም ይደርሳል፤ ግማሹ ከደም ለመውጣት ከ30 እስከ 50 ሰዓት ይፈጅበታል። ጾም ስላለባቸው ፓች የሚጠይቁ ብዙዎች የሚወስዱት ይህን መድኃኒት ነው፤ ለነሱ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ሰዓቱን ወደ ማታ ማዞር ከማንኛውም መሣሪያ ይቀልላል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ልብ ታማሚ ሲባል ብዙ ጊዜ በሪውማቲክ ትኩሳት ቫልቩ የተጎዳ ወጣት ነው። የሱ መድኃኒቶች ደግሞ ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ)፣ ፉሮሰማይድ (ትርፍ ውኃን በሽንት የሚያስወጣ)፣ ዲጎክሲን (ለልብ ድካምና ለልብ ምት)፣ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱም የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ናቸው። ከእነዚህ አንዱም ለከረንት አይመችም። ዲጎክሲን ቻርጅ የለውም፤ ዋርፋሪንና ዲጎክሲን ደግሞ በሚጠቅመውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ስለሆነ፣ በላብና በቆዳ ድርቀት የሚለዋወጥ መንገድ አይታመንም። ፉሮሰማይድ ብዙ ሚሊግራም ይጠይቃል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 የጸደቀው፣ ሆድ ላይ ተለጥፎ 80 ሚ.ግ. ፉሮሰማይድ በ5 ሰዓት የሚሰጠው መሣሪያ ፓች ይመስላል እንጂ ፓች አይደለም፤ ከሥሩ ከቆዳ በታች የምትገባ መርፌና ፓምፕ አለው።

ፓች ለመረጠ

የናይትሮግሊሰሪን ፓች ቀኑን ሙሉ አይለጠፍም። ከ12 እስከ 14 ሰዓት ቆይቶ ይነሣል፣ ከዚያ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ቆዳው ባዶ ይሆናል፤ ካለዚያ ሰውነት ይለምደውና መሥራቱን ያቆማል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተለጥፎ ማታ 2 ሰዓት ቢነሣ 13 ሰዓት ነው። ውጭ አገር ያሉ ልጆች ለወላጆቻቸው ሲልኩ እዚህ ላይ ይጠንቀቁ፦ «በ7 ሰዓት ይለጠፍ» የሚለውን የፈረንጅ ሰዓት እናት እንደኛ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ 7 ሰዓት ብለው ሊረዱት ይችላሉ። ማሸጊያው ላይ በአማርኛ «ጠዋት 1፣ ማታ 2» ብሎ መጻፍ ይህን ያስቀራል። ውጋቱ ሌሊት የሚነሣበት ሰው ሰዓቱን ሐኪሙ ይገለብጥለታል።

ቦታው ደረት ወይም የክንድ የላይኛው ክፍል ነው፤ ከክርንና ከጉልበት በታች አይለጠፍም። ጸጉር በመቀስ ይቆረጣል እንጂ በምላጭ አይላጭም፣ የተቧጨረ ቆዳ ከሚገባው በላይ ያስገባልና። በየቀኑ ቦታው ይቀያየራል። ከሥሩ ቅባትም ቫዝሊንም አይቀባም።

ሙቀት የቆዳውን ደም ያበዛል፣ መድኃኒቱም ተጣድፎ ይገባል። ደረቷ ላይ ፓች ለጥፋ ምጣድ ፊት ለፊት ሁለት ሰዓት እንጀራ የምትጋግር ሴት ራስ ምታትና ማዞር ቢይዛት የመድኃኒቱ ዶዝ በዝቶ ሊሆን ይችላል። ፓቹን ወደ ክንድ ማዞር፣ በየመሐሉ ከእሳቱ መራቅ፣ ካዞራት ወዲያው መቀመጥ ነው። ዓረብ አገር በፀሐይ የሚሠራም፣ ወገቡን በሞቀ ውኃ ጎማ የሚያሞቅም እንዲሁ ያስብበት።

ሲነሣ ፓቹ ውስጥ ገና ብዙ መድኃኒት ይቀራል። የሚጣበቀው ፊት ወደ ውስጥ ታጥፎ ልጅ ከማይደርስበት ይጣላል። ኤምአርአይ ከመነሣት በፊት ጀርባቸው ብረት ያለባቸው ፓቾች ይነሣሉ፣ ቆዳ ያቃጥላሉና፤ የአሜሪካው ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ስለዚህ አስጠንቅቋል። ዲፊብሪሌተር (ልብን በኤሌክትሪክ ምት ወደ ትክክለኛ ምቱ የሚመልስ መሣሪያ) ከመጠቀም በፊትም እንዲሁ። ሲልዴናፊል (ቫያግራ) የወሰደ ሰው ደግሞ በምንም ዓይነት ናይትሮግሊሰሪን አይነካም፤ ግፊቱ ሊዘቅጥ ይችላል።

ውጋቱ አሁን ከተነሣ ከላይ ያሉት ሁሉ አይሆኑም። ፓች ለመጀመር ደቂቃዎችን አልፎ ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ ከምላስ ሥር የሚደረገው ክኒን ወይም ስፕሬይ ግን ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ይበቃዋል። በ5 ደቂቃ ካልተሻለ አምቡላንስ ነው።

ከረንት የት ላይ ይበላሻል?

ቃጠሎ ዋናው ነው፤ የሚያቃጥለውም ሙቀት ሳይሆን ኬሚስትሪ ነው። ተራ ብረት ወይም ፕላቲነም ኤሌክትሮድ ውኃውን ይሰነጥቀዋል፤ አኖዱ ሥር አሲድ፣ ካቶዱ ሥር አልካሊ ይጠራቀማል። የካቶዱ ይብሳል። ለዚህ ነው የብር አኖድና በብር ክሎራይድ የተለበጠ ካቶድ የሚመረጠው፤ እነሱ ውኃውን ሳይነኩ ከክሎራይድ ጋር ብቻ ይለዋወጣሉ። ሁለተኛው መንስኤ የከረንት መጠራቀም ነው። ጄሉ ካልሞላ፣ አረፋ ከያዘ፣ ጠርዙ ከደረቀ ወይም ቆዳው ላይ ጭረት ካለ ከረንቱ ሁሉ በዚያች ጠባብ ቦታ ይሾልካል። ማሽኑ የሚያሳየው 2 ሚሊአምፔር ያው ነው፤ የተጫነባት ነጥብ ግን ከጣሪያው በላይ ትሆናለች። መጠነኛ መዋጋት የተለመደ ነው፤ ማቃጠል ሲጀምር ኤሌክትሮዱን ጫን ማድረግ ሳይሆን ማጥፋት ነው።

ትላልቅ ኩባንያዎችም ከዚህ አላመለጡም። ለማይግሬን ሱማትሪፕታንን በከረንት የሚሰጠው ዜኩዪቲ እ.ኤ.አ. በ2013 ጸድቆ፣ የቃጠሎና የጠባሳ ሪፖርት ስለበዛበት በ2016 ሽያጩ ቆመ። ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ፈንታኒልን በከረንት የሚሰጠው አዮንሲስ ደግሞ በ2008 አውሮፓ ውስጥ ታገደ፤ ውስጡ የተገኘው ዝገት መሣሪያውን ታማሚው ሳይነካው በራሱ ሊያስነሣው ይችል ነበር። የደም ግፊት መድኃኒት የያዘ መሣሪያ ሌሊት በራሱ ቢነሣ ምን እንደሚሆን ማሰብ ነው።

ከቴንስ ማሽን ጋር ማምታታትም አለ። ለወገብ ሕመም በየሱቁ የሚሸጠው ቴንስ ከረንቱን ወዲህና ወዲያ እያመላለሰ የሚልክ ነው፤ ያስገባውን ያክል መልሶ ይስበዋል። መድኃኒት ቀብተው ቢያበሩት የገባ ነገር የለም፣ ቅባቱ በራሱ ካላለፈ በስተቀር። አዮንቶፎሬሲስ በአንድ አቅጣጫ የሚፈስ ቀጥተኛ ከረንት ይሻል።

የመጨረሻው የልብ ታማሚን በተለይ ይመለከታል። ፔስሜከር (የልብ ምትን የሚያስተካክል የተተከለ መሣሪያ) ወይም ደረት ውስጥ የተተከለ ዲፊብሪሌተር ላለበት ሰው አዮንቶፎሬሲስ አይደረግም፤ ከረንቱ መሣሪያውን ሊያሳስተው ይችላል። ሌላውም ቢሆን ኤሌክትሮዶቹን ደረት ላይ ግራና ቀኝ አድርጎ ልብን በመሐል አያስገባም። «ለልብ የሚሆን የኤሌክትሪክ ፓች» የሚል ሻጭ ካጋጠመ ሦስት ነገር ይጠየቅ፦ ውስጡ ያለው መድኃኒት ስሙ ማን ነው? በሰዓት ስንት ሚሊግራም ይሰጣል? ፔስሜከር ላለበት ምን ይላል? ሦስተኛውን ሳያውቅ የሚሸጥ ሰው የመጀመሪያዎቹንም አያውቅም።

ለተማሪው፦ ሙከራው ላይ

ሰው ላይ አይጀመርም። የተለመደው ሞዴል የአሳማ ጆሮ ቆዳ ነው፤ እንደ በግ ጆሮ ከየቄራው ስለማይገኝ ከጥናቱ ሐሳብ በፊት ምንጩን ማረጋገጥ ጊዜ ያተርፋል። ቆዳው በሁለት የመስታወት ክፍሎች መካከል ይታሰራል፤ ከላይ መድኃኒቱ፣ ከታች ፒኤች 7.4 የሆነ የጨው መፍትሔ። በክፍሎቹ ዙሪያ የሚያሞቀው ውኃ 37 ዲግሪ ሲሆን የቆዳው ገጽ ወደ 32 ይጠጋል። 1 ስኩዌር ሳንቲሜትር ቆዳ ላይ 0.5 ሚሊአምፔር ለ6 ሰዓት ይሰጥና በየሰዓቱ ከታች ናሙና ይወሰዳል፤ የተወሰደው ያህል ንጹሕ መፍትሔ ይተካል።

ፒኤች ላይ መጨናነቅ አያስፈልግም። የቤታ ብሎከሮች ፒኬኤ (ግማሹ ሞለኪውል ቻርጅ የሚይዝበት ፒኤች) 9.5 አካባቢ ስለሆነ በ7.4 ላይ እንኳ ከ99% በላይ ፖዘቲቭ ናቸው። ወደ 4 ማውረዱ ግን ይጎዳል፤ ቆዳው ኔጌቲቭነቱን ያጣና የውኃው ፍሰት ይቆማል።

ብዙ ሙከራ የሚወድቀው ክሎራይድ ላይ ነው። የብር አኖድ በእያንዳንዱ ሚሊአምፔር-ሰዓት 37 ማይክሮሞል ክሎራይድ ይበላል። ሜቶፕሮሎል በገበያ የሚገኘው የታርታሬት ወይም የሰክሲኔት ጨው ሆኖ ነው፤ ክሎራይድ የለውም። እንዲያው ከተጀመረ አኖዱ የብር አዮን ወደ መድኃኒቱ ይለቅቃል፣ ቆዳው ይጠቁራል። ከላይ ላለው የ6 ሰዓት ሙከራ 3 ሚሊአምፔር-ሰዓት ስለሚያልፍ ቢያንስ 6.5 ሚ.ግ. የገበታ ጨው ያስፈልጋል፤ ሶዲየሙ እንደሚሽቀዳደም ታውቆ። ፕሮፕራኖሎል ሃይድሮክሎራይድ ሆኖ ስለሚመጣ ክሎራይዱን ይዞ ነው የሚገባው፤ ቢሆንም 10 ሚ.ግ. በሚሊሊትር የሆነ 1 ሚሊሊትር ቋት አንድ ሚሊአምፔር-ሰዓት ሳይሞላ ያልቅበታል። ሽቅድምድሙን ላለማስገባት የሚፈልግ ኤሌክትሮዱን በጨው ድልድይ ለይቶ ያስቀምጣል።

ሦስት ዓይነት ቆዳ ጎን ለጎን ይሂድ፦ ከረንት ያለው፣ ከረንት የሌለው፣ ሦስተኛው ደግሞ ለ6 ሰዓት ያለመድኃኒት ከረንት ብቻ የተሰጠውና ከዚያ ከረንቱ ጠፍቶ መድኃኒት የተጨመረበት። ይህ ሦስተኛው ከተተወ የተገኘው ቁጥር ከረንቱ ስለገፋ ይሁን ከረንቱ ቆዳውን ስለበሳው መለየት አይቻልም።